ቆርቆሮ፣ ብሎኬት፣ ድንጋይ ወይስ ሰንሰል? ባሕር ዳር ላይ አጥር ለምታጥሩ፣ በተለይ ግቢያችሁ ውስጥ ጉድጓድ ወይ ገንዳ ላለ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ አጥሬን በምን ላጥረው? አንዱ አባይ ማዶ አዲስ ቤት የገባ ጓደኛዬ ነው፣ አንዷ ሽምብጥ የወላጆቿን ግቢ እያደሰች ያለች የአክስቴ ልጅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሐይቁ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ከፍቶ መዋኛ ገንዳ ያሠራ ሰው። ለሦስቱም ኔትወርክ እየቆራረጠን የነገርኳቸውን እዚህ ሰብሰብ አርጌ ልጻፈው ብዬ ነው፣ እኔ አጥሬ፣ ወድቆብኝ፣ እንደገና አጥሬ ነው የተማርኩት፣ ሌላ ሰው በዚያው መንገድ ባይማር ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር በቅድሚያ። እኛ ከተማ አጥር ሲባል ሁላችንም የሚመጣብን ሌባ ነው። ብር ሲገኝ ቁመት እንጨምራለን፣ ከላይ የጠርሙስ ስብርባሪ እንሰካለን፣ እሾሃማ ሽቦ እንጠመጥማለን። ግቢው ውስጥ ያለው ጉድጓድ ግን የዛገ ቆርቆሮ ጣል ተደርጎበት፣ ከላዩ ድንጋይ ተጭኖበት ዓመታት ይኖራል። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰፈር ላይ ውሃ ጥልቅ ሳይቆፈር ይገኛል፣ ግቢ ከፍታችሁ ስትገቡ ጉድጓድ ታያላችሁ፣ ቧንቧ ሲጠፋ የሚያድነንም እሱ ነው። እና የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፣ የውጪውን አጥር ከመምረጣችሁ በፊት ውሃው ዙሪያ ምን እንደምታደርጉ ወስኑ፣ ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ለውሃው አውሉት።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ያኔ ሦስት ዓመት ከምናምኑ ነበር። ግቢያችን ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን የብሎኬት አጥር አለው፣ አባቴ ስንት ዓመት ቆጥቦ ያሠራው። ጉድጓዱ ከማድ ቤቱ አጠገብ ነው፣ አፉ በሲሚንቶ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ተገንብቷል፣ ክዳኑ ግን ቆርቆሮ ነበር። ቅዳሜ ነው፣ ልብስ የሚታጠብበት ቀን፣ ቢጫ ጀሪካኖቹ ጉድጓዱ ሥር ተደርድረዋል። እህቴ አንሶላ ልታሰጣ ዞር ስትል ልጁ ጀሪካኑ ላይ ወጣ፣ ከጀሪካኑ ወደ ክዳኑ። እኔ የሰማሁት ቆርቆሮው ሲጎብጥ ያሰማውን ድምፅ ብቻ ነው። ጩኸት የለም፣ ልቅሶ የለም። ተከራያችን የሆኑ እናት «ኧረ በማርያም!» ብለው በቁምጣው ጎትተው አወጡት። ቆርቆሮው ጉልበቱን የቆረጠበት ጠባሳ ዛሬም አለ፣ አሁን አራተኛ ክፍል ነው። ያን ቀን ማታ አባቴ ራት አልበላም፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ አጥሩን እያየ «እኔ ይሄን ሁሉ ብሎኬት ያስደረደርኩት ለማን ነው?» ሲል ሰማሁት። በሳምንቱ ብረት ክዳን አሠራ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በፈረንጆቹ 2021 ብቻ ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ ሞቷል፣ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ልጆች ናቸው። ትንሽ ልጅ ሲሰምጥ ፊልም ላይ እንደምናየው እጁን እያወራጨ አይጣራም፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ «ብሰማ እደርሳለሁ» የሚባለው ነገር አይሠራም።

ውሃውን በምን እንከልል?

መዋኛ ገንዳ በየግቢው ባለባቸው አገሮች ይሄ ነገር በሕግ ተወስኗል፣ የነሱን ቁጥር እንደ መለኪያ ብንወስደው ጥሩ ነው፣ ብዙ ልጅ ካለቀ በኋላ የተጻፈ ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ከተሞች የሚከተሉት ኮድ የገንዳ አጥር ቢያንስ 1.22 ሜትር ይሁን ይላል፣ በብረቶቹ መሃል ያለው ክፍተት 10 ሴንቲ የሚሆን ኳስ ማሳለፍ የለበትም፣ በሩ ራሱ ተመልሶ የሚዘጋና ራሱ የሚቆለፍ መሆን አለበት፣ የሚከፈተውም ከውሃው ወደ ውጪ ነው፣ ልጅ ገፍቶ እንዳይገባ። አውስትራሊያም 1.2 ሜትር ይላሉ፣ ከአጥሩ ሥርም ከ10 ሴንቲ በላይ ክፍተት አይፈቅዱም፣ ከዛ ደግሞ የሚገርም ጥንቃቄ ጨምረዋል፣ አጥሩ አጠገብ 90 ሴንቲ ያህል ልጅ ሊወጣበት የሚችል ምንም ነገር እንዳይኖር። ይሄን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ ቢጫ ጀሪካን ነው።

ፈረንሳይ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ (በነሱ አቆጣጠር) ባለቤቱ ከአራት ነገር አንዱን እንዲመርጥ አድርጋለች፣ አጥር፣ ማንቂያ ደወል፣ ክዳን ወይ ገንዳውን የሚሸፍን ጣሪያ መሰል ነገር። እኛ አገር ላይ እነዚህን አራቱን ብናወዳድር ምርጫው እንደነሱ እኩል አይደለም። ደወሉን ተዉት፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ላይ የልጅ ሕይወት አይጣልም፣ ባትሪ አለው ቢባልም ባትሪውን የሚቀይር ሰው መኖር አለበት፣ ደግሞ ደወል ብዙውን ጊዜ የሚነግራችሁ ልጁ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጣሪያ መሰሉ ውድ ነው፣ እዚህ የሚሠራውም የለም። ስለዚህ ለኛ የቀሩት ክዳንና አጥር ናቸው።

ለጉድጓድ ክዳን፣ ለገንዳ አጥር፣ እኔ እንዲህ ነው የማየው። የጉድጓድ አፍ ጠባብ ስለሆነ ከወፍራም ላሜራ የተሠራ፣ በአንድ በኩል ማጠፊያ በሌላው ቁልፍ ያለው ክዳን ሥራውን ይጨርሳል፣ አፉን ደግሞ በኮንክሪት ከፍ አድርጉት፣ ከፍ ሲል ልጅም አይደርስም የክረምት ጎርፍም አይገባበትም፣ ውሃው ራሱ ንጹህ ይሆንላችኋል። እንጨት ክዳን ለመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ይመስላል፣ ከሥር በእርጥበቱ ሲበሰብስ ግን ከላይ አይታይም፣ አንድ ቀን ሰው ሲቆምበት ነው የሚታወቀው፣ ቆርቆሮውን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። የሴፕቲክ ታንክ ክዳንም እንደዚሁ ነው፣ ረስተነው እንጂ እሱም ጉድጓድ ነው።

ሰፊ ገንዳ ላይ ግን ክዳን አያስተማምንም፣ በየቀኑ መግለጥና መክደን አለ፣ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ደግሞ አንድ ቀን ይረሳል። እዛ ላይ አጥር ነው የሚሻለው፣ አጥር ስል ግን የግቢውን አጥር ማለቴ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። «ግቢዬ ታጥሯል እኮ» ይላል። የታጠረው የጎረቤት ልጅ እንዳይገባ ነው፣ የራሳችሁ ልጅና የእንግዳችሁ ልጅ ግን አጥሩ ውስጥ ናቸው፣ ከሳሎን በር ወጥተው ቀጥታ ውሃው ጋ ይደርሳሉ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ የጤና ሰዎች አወዳድረውት ገንዳውን በአራቱም ጎን ከቤቱ ለይቶ የሚያጥር አጥር ግቢውን ብቻ ከሚያጥረው ጋር ሲነጻጸር የትንንሽ ልጆችን የመስጠም አደጋ 83 በመቶ ይቀንሳል ብለዋል። ቤቱን እንደ አራተኛ ግድግዳ መቁጠር አጥር ሳይኖር እንዳለ መቁጠር ነው።

የውስጡን አጥር በምን እንሥራው ለምትሉ፣ ቱቦላሬ ብረት ቀጥ ቀጥ ብሎ የቆመበት ግሪል ከሁሉም ይሻላል። ለምን መሰላችሁ፣ ያሳያል። ማድ ቤት ቆማችሁ ገንዳው ላይ ማን እንዳለ ታያላችሁ፣ ልጅ ደግሞ ቀጥ ያለ ብረት ላይ እግሩን የሚያሳርፍበት የለውም። ብየዳ ቤት ስታዙ ሁለት ነገር ንገሯቸው፣ በብረቶቹ መሃል ከ10 ሴንቲ በታች ይሁን፣ አግዳሚው ብረት ደግሞ መሃል ላይ አይለፍ፣ ከላይና ከታች ብቻ። ሠራተኞቹ ለጥንካሬ ብለው መሃል ላይ አንድ አግዳሚ ማስገባት ይወዳሉ፣ ይሄ አግዳሚ ለልጅ ደረጃ ነው። የሽቦ መረብ ርካሽ ነው ግን ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ የልጅ የእግር ጣት ይገባበታል፣ ረግጦ ይወጣበታል፣ አሜሪካኖቹ ለገንዳ ከ4.5 ሴንቲ በላይ ቀዳዳ ያለው መረብ አይፈቅዱም፣ ገበያ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ከዛ ሰፋ ይላል፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ብሎኬት ገንዳ ዙሪያ አታድርጉ፣ ያስጨንቃል ደግሞም ውስጥ ያለውን ይደብቃል፣ መደበቁ ነው ትልቁ ችግር።

የበሩ ነገር። ስፕሪንግ ያለው ማጠፊያ ግዙ፣ መቀርቀሪያው ልጅ የማይደርስበት ቁመት ላይ ይሁን፣ አንድ ሜትር ከአርባ ገደማ ጥሩ ነው። ከዛ ፈትኑት፣ በሩን በአንድ ስንዝር ከፍታችሁ ልቀቁት፣ ራሱ ገጭ ብሎ ካልቆለፈ አልተዘጋም ማለት ነው።

አሁን የውጪውን አጥር

ለማወዳደር እንዲመች አንድ ግቢ እንውሰድ፣ 200 ካሬ፣ 10 በ20። ዙሪያው 60 ሜትር ነው፣ ግማሹን ጎረቤቶች አጥረውታል እንበል፣ ለናንተ 30 ሜትር ቀረ፣ ቁመቱ 2 ሜትር።

ቆርቆሮ። 30 ሜትሩን ለመሸፈን ተደራርቦ ሲመታ 38 ያህል ቆርቆሮ ይበላል፣ ቋሚ በየሁለት ሜትሩ ካቆማችሁ 16 ባሕር ዛፍ፣ ማገር ሦስት ዙር ካስመታችሁ 90 ሜትር እንጨት። በሁለት ቀን ያልቃል፣ ይሄ ነው ትልቁ ጥቅሙ፣ ዛሬ ገብታችሁ ነገ አጥር ለሚያስፈልጋችሁ ሌላ ምርጫ የለም። ችግሩ ግን ንፋስ ነው። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ፣ በተለይ ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሳው፣ ያን ቆርቆሮ እንደ ሸራ ይይዘዋል፣ ቋሚው ከሥሩ በምስጥ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ አንድ ማታ ሙሉ ሰልፉ ይተኛል። ስለዚህ ቋሚውን ከ60 ሴንቲ ባላነሰ ጥልቀት ቅበሩት፣ የሚቀበረውን ጫፍ በእሳት ለብለብ አድርጉት። የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ ምስጡን ያባርራል እውነት ነው፣ ግን ጉድጓድ ያለበት ግቢ ውስጥ አታድርጉት በናታችሁ፣ መሬት ውስጥ ያፈሰሳችሁት ነገ የምትጠጡት ነው። ቆርቆሮ ስትገዙ ደግሞ ጌጁን፣ የውፍረቱን ቁጥር፣ ጠይቁ፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ወፍራም ነው፣ 35 ጌጅ በእጅ ሲጫኑት ይጎብጣል፣ 28 ይሻላል። ጠርዙ ወደ መንገድ የወጣ ቆርቆሮ ደግሞ የሰው እጅ ይቆርጣልና እጠፉት።

ብሎኬት። ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ብሎኬት ይገባል፣ ስለዚህ ለኛ 60 ካሬ 750፣ የሚሰበረውን ጨምሩበት። ብሎኬቱ ራሱ ግን አይደለም የሚያስከፍላችሁ፣ ከሥር ያለው የድንጋይ መሠረት፣ ግሬድ ቢሙ (መሠረቱ ላይ የሚተኛው የኮንክሪት ማሰሪያ)፣ በየሦስት ሜትሩ የሚቆመው ኮለን፣ ፌሮውና ሲሚንቶው ናቸው። ብዙ ሰው ብር ሲያጥረው የሚቀንሰው እዛ ላይ ነው፣ በኮለኖቹ መሃል ያለውን ርቀት ያሰፋዋል፣ መሠረቱን ያሳንሰዋል፣ አጥሩ ከላይ ሲታይ ያው ነው። የኔ የወደቀው እንዲህ ነው።

ቦታችን ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ የምንለው፣ በበጋ ይሰነጠቃል እጅ እስኪገባ፣ ክረምት ሲመጣ ያብጣል። መሠረቱ ቀይ አፈር ላይ እንደሚሠራው ጥልቀቱ ሳይበቃ ተሠራ። ከዛ ጎረቤታችን ግቢውን በገረጋንቲ ሞላ፣ የሱ መሬት ከኛ ግማሽ ሜትር በላይ ከፍ አለ። አጥሩ አፈር ይደግፋል ተብሎ አልተሠራም፣ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳም አልነበረውም። ነሐሴ ላይ፣ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ከዘነበ በኋላ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ሜትር ያህሉ ባንዴ ሄደ። የዶሮ ቤቱ ላይ። ጠዋት መጥቶ ያየው ግንበኛ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ፍርስራሹን በእግሩ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ልጄ፣ ይሄን ሌባ አልጣለውም፣ ውሃ ነው የጣለው» አለኝ፣ እና እርጥቡን አፈር በእጁ ጨምቆ አሳየኝ፣ ከጣቶቹ መሃል ውሃ ወረደ። አዲሱን ሲሠራ ከታች በየሁለት ሜትሩ የሁለት ኢንች ፒቪሲ ቀዳዳ አስገባ፣ ከጎረቤት በኩል ቀዳዳው አጠገብ ጠጠር ሞላበት፣ ረጅሙን አጥር ደግሞ መሃል ላይ ከፍሎ ክፍተት ተወለት፣ መሬቱ ሲያብጥ የሚንቀሳቀስበት። ከዛ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ብቻ ነው ያለችው።

ስለዚህ ብሎኬት ለመረጣችሁ፣ ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ እሰየው፣ ጥቁር አፈር ላይ ከሆናችሁ ግን ከቁመቱ ላይ ቀንሳችሁ መሠረቱ ላይ ጨምሩ። ሁለት ሜትር ጥሩ መሠረት ያለው ከሦስት ሜትር መሠረት ከሌለው ይሻላል። ከተገነባ በኋላም ሳምንት ያህል ውሃ አጠጡት፣ በኛ ፀሐይ ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ይፈረፈራል።

ድንጋይ። ጥቁር ድንጋይ በአካባቢያችን ሞልቷል፣ የጥንት ግቢዎች አጥር አሁንም ቆሞ የምታዩት በሱ ነው፣ ውበቱም ሌላ ነው፣ ዝናብ ሲያርፍበት። አይዝግም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቀለም አይጠይቅም። ግን ሁለት ነገር አስቡ። ውፍረቱ 50 ሴንቲ ከሆነ 30 ሜትር ላይ 15 ካሬ መሬት በላባችሁ፣ ብሎኬት በ20 ሴንቲ 6 ካሬ ነው የሚወስደው። 200 ካሬ ላላት ግቢ 15 ካሬ አንድ ክፍል ቤት ነው። ሁለተኛ፣ ድንጋይ በደንብ የሚገነባ ግንበኛ እጁ ውድ ነው፣ ጀማሪ ከሠራው ደግሞ ሲሚንቶውን ነው የምታዩት ድንጋዩን አይደለም። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው እኔ ድንጋይ ነው የምለው፣ ታች አንድ ሜትር ድንጋይ ከላይ ግሪል ቢሆን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ንፋስም ያሳልፋል።

ቀርከሃው ከእንጅባራ በኩል ይመጣል፣ ቆንጆ ነው፣ ካፌና ማረፊያ ቤት ላይ ያምራል፣ ለመኖሪያ ግን ጥቂት ክረምት ነው የሚቆየው።

የተክል አጥር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰዉ ስለረሳው። ሰንሰል፣ ስሚዛ የሚሉትም አሉ፣ ሰኔ ላይ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ መሬት ላይ ብትሰኩት ይጸድቃል፣ ብር አይጠይቅም ከጎረቤት ለምናችሁ ነው የምታመጡት፣ ነጩ አበባው ላይ ንብ ታዩበታላችሁ። ለመዝጋት ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፣ እስከዛ ከኋላው ሽቦ አድርጉ። ቡገንቪላ እሾህ አለው፣ ሽቦ ላይ ሲወጣ ሰው አይደፍረውም፣ ቀለሙ ለከተማችን የተፈጠረ ነው። ቅንጭብን ግን ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ አትትከሉት። ገጠር ላይ ከብት ስለማይበላው ጥሩ አጥር ነው፣ ግን ሲቀነጠስ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ያቃጥላል፣ ዓይን ይጎዳል፣ ልጆች ደግሞ ወተቱን ሲያዩ ለጨዋታ ይቆርጡታል። የትኛውም ተክል ቢሆን ለውሃ መከለያ አይሆንም፣ ልጅ በሥሩ ሾልኮ ያልፋል።

አናቱ ላይ ስለሚደረገው፣ የጠርሙስ ስብርባሪውን እኔ እቃወመዋለሁ። ሌባ ጆንያ ጥሎበት ያልፋል፣ የሚቆረጠው ኳሱን ሊያመጣ የወጣ የሰፈር ልጅ ነው። የግድ ካላችሁ ከሁለት ሜትር ተኩል ቁመት በላይ የተዘረጋ ሽቦ ይሻላል፣ ከሩቅ ስለሚታይ።

ወረቀቱና ጎረቤቱ

አጥር ነው ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል አትበሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ወዲህ ከተማ ላይ ግንባታ በሕንፃ ሹም ፈቃድ ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ካርታችሁን ይዛችሁ ክፍለ ከተማችሁ ሂዱ፣ ጣናም ሁኑ ፋሲሎ፣ ግሽ ዓባይም ሁኑ በላይ ዘለቀ፣ እዛ ያለውን ባለሙያ ሦስት ነገር በግልጽ ጠይቁት፣ ለዚህ ዓይነት አጥር ፈቃድ ማውጣት አለብኝ ወይ፣ በመንገዱ በኩል ስንት ሜትር ቁመትና ምን ዓይነት ማቴሪያል ይፈቀዳል፣ መንገዱ ወደፊት ይሰፋል ወይ። ዋና መንገድ ዳር ያላችሁ በተለይ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳትጠይቁ ብሎኬት አታውርዱ፣ ኮሪደር ልማት በሚሠራበት ዘመን በቆርቆሮ የታጠረ ቢነሳ ያን ያህል አያምም፣ ድንጋይ የቆለለ ሰው ግን ሁለቴ ይከፍላል። መልሱን በቃል ሰምታችሁ አትውጡ፣ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከመቆፈራችሁ በፊት የወሰን ድንጋዩን ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ እዩት። አሮጌው አጥር ወሰን ነው ብላችሁ አትመኑ፣ አሮጌ አጥር ዘንብሎ፣ ታድሶ፣ ተገፍቶ ነው እዛ የደረሰው። ባለሙያ አስለኩና ጎረቤታችሁ ባለበት ችካል ምቱ፣ ቡና አፍሉላቸው፣ ከዛ ጀምሩ። ወጪውን ለሁለት የምትካፈሉ ከሆነ አጥሩ መሃል ወሰን ላይ ይቀመጣል፣ ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ መሠረቱ ጭምር በናንተ በኩል ይሁን፣ ግድግዳው በናንተ መሠረቱ በነሱ በኩል ሆኖ ስንት ቤተሰብ ተካሷል።

አጥሩ ከወደቀስ? የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ማለት «ዝናብ ነው የጣለው» ብሎ እጅን መታጠብ የለም። የኛው አጥር በራሳችን ዶሮ ቤት ላይ ወደቀ፣ ወደ ጎረቤት ቢሆን፣ ሰው ቢሆን ኖሮስ ብዬ ስንት ሌሊት አስቤያለሁ። ደግሞ ዘንብሎ የሚያስፈራችሁ የጎረቤት አጥር ካለ እስኪወድቅ አትጠብቁ፣ መጀመሪያ በሽማግሌ፣ እምቢ ካለ ለክፍለ ከተማው አመልክቱ።

ሐይቁ ዳር ላላችሁ

እዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የጣና ሐይቅ ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው፣ ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ ማለት ነው፣ ዳሩ ላይ ያለው ደንገልና ረግረግ ዓሣው የሚራባበት፣ የጎርፉን ደለል የሚያጣራ ነው። መሬቱ ደግሞ የሕዝብና የመንግሥት ነው፣ ካርታችሁ ያለቀበት ጋ አጥራችሁም ያልቃል። ደንገሉን አጭደው፣ ገረጋንቲ ደፍተው ወደ ውሃው አጥር የሚገፉ ሰዎች አያለሁ፣ እባካችሁ ተዉት። ሐይቁ ክረምት ላይ ይሞላል፣ መስከረም ጥቅምት አካባቢ ውሃው ከፍ ሲል ያን አጥር ከሥሩ ይቦረቡረዋል።

ጉማሬም አለ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ የሚሄድበት የለመደው መንገድ አለው። በዛ መንገድ ላይ የተዘረጋ የሽቦ አጥር አያቆመውም፣ እሱም ይጎዳል አጥሩም ይሄዳል። ዱካውን እዩና መንገዱን ትታችሁ እጠሩ። በውሃው በኩል ጨለማ ውስጥ የሚከፈት በር ደግሞ ባይኖራችሁ ይሻላል።

መቼ ይታያል?

አጥር ተሠርቶ የሚረሳ ነገር አይደለም፣ በዓመት ሁለቴ ዙሩት። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠርጉ፣ የተፍረከረከውን ቋሚ ቀይሩ፣ ብረቱን ቀለም ቀቡ። መስከረም ላይ ደግሞ፣ ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ከአጥሩ ሥር አፈሩ ተሸርሽሮ ክፍተት ተፈጥሯል ወይ ብላችሁ እዩ፣ የውስጠኛው አጥር ሥር ያለው ክፍተት ጡጫ ካስገባ ሙሉት። የጉድጓዱን ክዳን አንስታችሁ ከሥሩ እዩት፣ ዝገት የሚጀምረው ከሥር ነው። አዲስ አጥር ለማጠር ደግሞ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው ጊዜው፣ መሬቱ ደርቆ፣ ገና ብዙ ሳይሰነጠቅ።

ለሦስቱ ምን አልኳቸው? አባይ ማዶ ላለው ጓደኛዬ፣ ብሩ ስለተሟጠጠ፣ ቆርቆሮ በወፍራም ጌጅ፣ ከውስጥ ሰንሰል ትከልበት፣ ቆርቆሮው ሲያረጅ ሰንሰሉ ይደርስልሃል አልኩት። ለአክስቴ ልጅ፣ አሮጌውን የድንጋይ አጥር እንዳታፈርሺው፣ የተቦረቦረውን ብቻ አስሞይና ከላይ ግሪል ጨምሪበት፣ ከዛ በፊት ግን የጉድጓዱን ክዳን አልኳት፣ እሱን በማግስቱ ብየዳ ቤት አዘዘች። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ገንዳውን በግሪል አጥሮ ፎቶ ላከልኝ፣ በጣም ያምራል፣ በአራቱም ጎን ነው፣ መሃል ላይ አግዳሚ የለውም። ፎቶውን አስፍቼ ሳየው ግን መቀርቀሪያው የበሩ ወገብ ላይ ነው ያለው፣ በሩ ደግሞ ወደ ውሃው ይከፈታል። ደወልኩለት። «እንግዶቹ ቅዳሜ ነው የሚገቡት፣ ልጆችም አሉ» አለኝ። ዓርብ ማታ ሌላ ፎቶ መጣ፣ መቀርቀሪያው ትከሻው ጋ ደርሷል፣ በሩ ወደ ውጪ ተገልብጧል፣ ከጎኑ ቆሞ የነበረው የፕላስቲክ ወንበርም ተነስቷል።